ዘመናትን የቆጠረ የወይን ገበሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህችን ጽሑፍ ስታነቡ ጾም ላይ ናችሁ። ለመሆኑ ጾሙ በዚያች ሰኞ እንደሚገባ ማን ነገራችሁ? ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካላንደር አይታችሁ ይሆናል፤ ወይም ጎረቤት ጠይቃችሁ፤ ወይም ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ሲናገሩ ሰምታችሁ። መስቀል ሁልጊዜ መስከረም 17 ነው፤ ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው። ዐቢይ ጾም ግን አንዳንድ ዓመት የካቲት 1 ቀን ይገባል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ እስከ መጋቢት 5 ድረስ ይዘገያል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ጠይቀን እናውቃለን? አብዛኞቻችን አንጠይቅም። የተነገረንን ቀን ይዘን እንጾማለን፤ ይኼም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀርባ የአንድ ሰው ጸሎትና ልፋት አለ። ዛሬ የምናወጋችሁ የዚያን ሰው ሕይወት ነው፤ በቅዱስ ማርቆስ መንበር ዐሥራ ሁለተኛ ሆኖ የተቀመጠውን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ ድሜጥሮስን።

ወደ እርሱ ከመሄዳችን በፊት ግን እኛ ራሳችን ረጅም ዘመንን እንዴት እንደምንለካ እናስታውስ። እናቶቻችን ልጃቸው መቼ እንደ ተወለደ ሲጠየቁ በማርቆስ ነው፣ በሉቃስ ነው ይላሉ። አረጋውያን ደግሞ ዓመቱን በቁጥር አይጠሩትም፤ በደረሰው ነገር ነው የሚጠሩት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሀብ ክፉ ቀን ተባለ፤ በ1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ የኅዳር በሽታ ተባለ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው ጊዜ የጣልያን ጊዜ ተባለ። እገሌ የተወለደው ጣልያን ሊወጣ ሲል ነው፣ እገሊት የተዳረችው ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው ይባላል። ይህ አቆጣጠር ለዛ አለው፤ ልብም ውስጥ ይቀራል። አንድ ጉድለት ግን አለበት፦ የሚያስታውሰው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። አያታችን ሲያርፉ እርሳቸው የቆጠሩት ዘመን አብሯቸው ይሄዳል። ማርቆስና ሉቃስም ቢሆኑ በአራት በአራት ዓመት ይመለሳሉ፤ የትኛው ማርቆስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ዓመቱ ይጠፋል።

ቤተ ክርስቲያን ግን የአንድ ሰው ዕድሜ የማይበቃውን ዘመን መቁጠር ነበረባት፤ ከአዳም እስከ ክርስቶስ፣ ከክርስቶስ እስከ ዛሬ፣ ከዛሬም ወዲያ። ለዚህ የያዘችው መቁጠሪያ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። የቁጥር ባሕር ማለት ነው። መቼም ይህን የመሰለ ረቂቅ ነገር ሲነሣ ከዋክብትን ሲመለከት ያደገ ፈላስፋ ያወጣው ይመስለናል። በእርግጥም እስክንድርያ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሞሉባት ከተማ ነበረች፤ ታላቁ የከዋክብት መርማሪ ቀላውዴዎስ በጥሊሞስ የሠራው በዚያችው ከተማ፣ በዚያው በሁለተኛው መቶ ዓመት ነው። አባቶቻችን ግን ይህን ሐሳብ የሚሰጡት ለፈላስፋ አይደለም፤ ፊደል ላልቆጠረ የወይን ገበሬ ነው።

ድሜጥሮስ ግብፃዊ ነው። ወይን ይተክላል፣ ይኮተኩታል፣ ይገርዛል፣ ይለቅማል። መጽሐፍ አላነበበም። ገበሬ ስለ ሆነ ግን ወራትን ያውቃል፤ ወይን መቼ እንደሚያብብ፣ መቼ እንደሚያፈራ፣ መቼ ባዶ ሐረግ ሆኖ እንደሚቆም ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን በአትክልቱ መካከል ሲዞር ወራቱ ሳይሆን የበሰለ የወይን ዘለላ አገኘ። ተገረመ። ለራሴ ልብላው፣ ልሽጠው አላለም፤ ይህስ ለአባታችን ለሊቀ ጳጳሳቱ በረከት ይሁን ብሎ በእጁ ይዞ ሄደ።

በዚያን ጊዜ ዐሥራ አንደኛው ሊቀ ጳጳሳት አባ ዩልያኖስ በሞት አልጋ ላይ ነበረ። ስንክሳር እንደሚነግረን፣ በዚያች ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ ተገልጾለት ነገ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው በመንበርህ የሚተካ ነው ብሎት ነበር። ካህናቱም ሕዝቡም ማን ይሾም ይሆን እያሉ ተጨንቀው በተሰበሰቡበት፣ ድሜጥሮስ አፈር የነካ ልብሱን እንደ ለበሰ ገባ። አባ ዩልያኖስ ወይኑን ሲያይ ሰውየውን አወቀው፤ ለተሰበሰቡትም አሳያቸው። ገበሬው የመጣው በረከት ሰጥቶ በረከት ተቀብሎ ሊመለስ ነው፤ እምቢ አለ። አለቀቁትም። አውሳብዮስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሹመት ቆሞዶስ በሮም በነገሠ በዐሥረኛው ዓመት ያደርገዋል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ189 ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። አባቶች እንደሚናገሩት ድሜጥሮስ በመንበሩ 43 ዓመት ተቀምጦ በ105 ዓመቱ ነው ያረፈው። ስትቀንሱት በተሾመ ጊዜ ዕድሜው ከስድሳ አልፎ ነበር ማለት ነው። ፊደል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ካረጀሁ ወዲህ ምን እማራለሁ፣ ለእኔማ ዘመኑ አልፏል የምንል ሰዎች ይህን ልብ እንበል። እግዚአብሔር አእምሮውን ከፈተለት፤ እርሱም ደግሞ ተቀምጦ ተማረ። ብሉይንና ሐዲስን አጥንቶ ሕዝቡን ማስተማር ጀመረ፤ መጻሕፍትን የሚያውቁ ሰዎችም እየመጡ ይሰሙት ነበር።

ነገር ግን በከተማው ሐሜት ተነሣ። ድሜጥሮስ ሚስት ነበረችው። ከእርሱ በፊት በማርቆስ መንበር የተቀመጡት አባቶች ደናግል ነበሩና ባለ ሚስት ሰው እንዴት ይቀመጣል ተባለ። ነገሩን ያባባሰው ሌላ ጸጋው ነው። ሲያቆርብ የሰዎች ኃጢአት ይገለጥለት ነበር፤ ሳይገባው የሚቀርበውን ሰው ንስሐ ግባና ተመለስ እያለ ያቆመው ነበር። እናንተም እንደምታውቁት ሰው ጉድለቱ ሲነካበት መጀመሪያ የሚያየው የነካውን ሰው ጉድለት ነው። እርሱ ራሱ ከሚስቱ ጋር እየኖረ እኛን ይመልሰናል ብለው አጉረመረሙ። ቆሞሳትና ዲያቆናት ሳይቀሩ ይህን ያወሩ ነበር።

አባታችን ሰምቶ ዝም አለ። ስለ ራሱ መናገር አልፈለገም። መልአኩ ግን ተገልጾ፣ በአንተ ምክንያት ሕዝቡ በሐሜት እንዳይጠፋ ምሥጢርህን ግለጥ አለው። ከልመናም በኋላ እሺ አለ። በማግሥቱ ቅዳሴው ሲፈጸም ሕዝቡ እንዳይሄድ አዘዘ፤ እንጨት ተሰብስቦ እሳት ነደደ። ሚስቱንም አስጠራ። ሕዝቡ ምን ሊሆን ነው እያለ ቆሞ ሲመለከት፣ ጸሎት አድርጎ ፍሙን በእጁ አፍሶ በመጎናጸፊያዋ ላይ አደረገው፤ በራሱ ልብሰ ተክህኖም ላይ አደረገ። ሁለቱም ፍም ታቅፈው በሕዝቡ መካከል ዞሩ። የልብሳቸው አንዲት ክር እንኳ አልተቃጠለችም።

ከዚያ ነው ታሪኩን የነገራቸው። ሚስቱ የአጎቱ ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባት አባቱ ነው ያሳደጋት። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሁለቱን አጋቧቸው። የወላጆቻቸውን ፈቃድ ላለማሳዘን ተጋቡ፤ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን ድንግልናቸውን ለመጠበቅ ተስማሙ። በአንድ ቤት ኖሩ፣ በአንድ መኝታ ተኙ፣ አንድ ልብስ ለበሱ። ይህን ምሥጢር ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ከሠርጋቸው እስከዚያች ዕለት አርባ ስምንት ዓመት ሆኖ ነበር።

አርባ ስምንት ዓመት! የሕዝቡ ሐሜት የስንት ጊዜ ነው? የጥቂት ወራት ቢሆን ነው። ያዩትን ይዘው ፈረዱ፤ ያላዩት ግን የሰው ዕድሜ የሚያህል ዘመን ነበረ። ስለ እርሷ ደግሞ ብዙ አይነገርም፤ ነገር ግን አርባ ስምንቱ ዓመት የእርሱን ያህል የእርሷም ነው፤ ፍሙም በእርሷ መጎናጸፊያ ላይ ነበረ። ሕዝቡ ይቅር በለን እያለ ወደቀ። እርሱም ባረካቸው፤ ወደ ቤታቸውም ሄዱ።

እንግዲህ አሁን ወደ ጾሙ ነገር እንመለስ። በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች አርባውን ጾም የሚጾሙት ጌታ እንዳደረገው ከጥምቀት ማግሥት ጀምረው እንደ ነበር ይነገራል። አርባው ሲያልቅ ይፈስካሉ። የሕማማትን ሳምንት ደግሞ ለብቻው በጊዜው ይጾማሉ። ፋሲካውም አንድ አልነበረም። የታናሽ እስያ አብያተ ክርስቲያናት አይሁድ በግ በሚያርዱበት በጨረቃዋ ዐሥራ አራተኛ ቀን ያከብሩ ነበር፤ ቀኑ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ። ሌሎቹ ደግሞ ጌታ የተነሣው በእሑድ ነውና ከእሑድ በቀር አናከብርም አሉ። የሮሙ ፊቅጦር የእስያዎቹን ከኅብረት እስከ መለየት ደረሰ፤ የልዮኑ ሄሬኔዎስ ነው ለሰላም የጸፈለት። ይህ ሁሉ የሆነው በድሜጥሮስ ዘመን ነው። አስቡት፤ በአንድ ከተማ አንዱ ክርስቲያን ትንሣኤን እያከበረ ይበላል፣ ጎረቤቱ ክርስቲያን ደግሞ በሕማማት ይሰግዳል። ባልና ሚስት እንኳ የተለያየ አገር ሰው ከሆኑ በአንድ ማዕድ አይገናኙም።

ድሜጥሮስን ያስጨነቀው ይህ ነው። የእኛ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ምኞቱ ግልጽ ነበረ፤ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና የሐዋርያት ጾም ከሰኞ እንዳይለቁ፤ ደብረ ዘይት፣ ሆሳዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ፤ ስቅለት ከዓርብ፤ ዕርገት ከሐሙስ፤ ርክበ ካህናትና ጾመ ድኅነት ከረቡዕ እንዳይወጡ። ጨረቃ ግን ለዚህ አትመችም። ጨረቃ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ስትሞላና ስትጎድል 354 ቀን ይሆናል፤ ፀሐይ ግን ዓመቷን የምትፈጽመው በ365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ነው። ስልሳ ኬክሮስ አንድ ቀን ስለ ሆነ 15 ኬክሮስ የቀን ሩብ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ጨረቃ በየዓመቱ ከፀሐይ 11 ቀን ትቀድማለች። ፋሲካ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ጨረቃንም፣ ወራቱንም፣ በላዩ ላይ ደግሞ እሑድን።

ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። መልአኩም ተገልጾ ነገር በሐሳብ እንጂ በምኞት አይሆንምና ሱባዔ ገብተህ ቍጠር አለው፤ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ። ሱባዔ ሰባት ቀን ነው። 23 ጊዜ 7 ሲቆጠር 161 ይሆናል፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲገደፍ 11 ይተርፋል። ይህ አበቅቴ ተባለ፤ ጨረቃ ከፀሐይ የምትቀድምበት ያ 11 ነው። 7 ጊዜ 7 ደግሞ 49 ነው፤ ሠላሳው ሲገደፍ 19 ይተርፋል። ይህ መጥቅዕ ተባለ፤ ደወል ማለት ነው። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ዘጠኝ ሠላሳ ይሆናሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል እንጂ ድምራቸው ከሠላሳ አይወጣም። ስንጠቀምበት የኖርነው ቁጥር ሁሉ ከዚህ ከጸሎት ሱባዔ ተነሣ ብለው ነው አባቶች ያስተማሩን።

እስቲ አንድ ዓመት ወስደን አብረን እንቁጠር፤ እርሳስና ወረቀት ያዙ። 2017 ዓ.ም. ይሁን፤ ጾማችሁት ያለፈ ስለ ሆነ መልሱን ታመሳክራላችሁ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት ያለውን 5500 ዓመት ጨምሩበት፤ 7517 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነበረ። ያንኑ 7517 ለ19 አካፍሉት፤ 12 ይተርፋል። የያዝነው ዓመት ገና አልተፈጸመምና አንዱ ይቀነሳል፤ 11 ይቀራል። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ስታባዙት 121 ነው፤ በሠላሳ ስትገድፉት 1 ይተርፋል፤ አበቅቴ 1። ወንበሩን በ19 ስታባዙት 209 ነው፤ ስትገድፉት 29 ይተርፋል፤ መጥቅዕ 29። ሁለቱ ተደምረው ሠላሳ ሆኑ፤ ባይሆኑ ኖሮ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ነበረ። ለየዕለቱ ደግሞ ተውሳክ አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። በ29 ላይ የረቡዕን 4 ጨምሩ፤ 33። ሠላሳው ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ትገባ ነበር፤ ድምሩ ሠላሳን ካለፈ ግን ወደ የካቲት ትሻገራለች። እንግዲህ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባች፤ ሰኞ ነበረ። ከዚያ በ14 ቀን፣ የካቲት 17፣ ዐቢይ ጾም ገባ። ከነነዌ በ69 ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ ሆነ። ካላንደሩን ያላያችሁ ሰዎች እንኳ ፋሲካን አገኛችሁት!

ይህን በአብነት ትምህርት ቤት ያሉ የአቡሻክር ሊቃውንት ያለ ወረቀት፣ በጣታቸው አንጓ ያወርዱታል። በመስከረም አንድ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት፣ ወንጌላዊው፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ፣ አጽዋማቱና በዓላቱ በቤተ ክርስቲያን ሲታወጁ የምትሰሙት ይኸው ነው። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ዕንቁጣጣሹን እያሰብን አንሰማም እንጂ።

ከዚህ ወዲያ ቁጥሩ እየሰፋ ይሄዳል። የፀሐይና የጨረቃ ቁጥር ተጠጋግቶ የሚገናኘው በ19 ዓመት ነው፤ ንዑስ ቀመር ይባላል። ይህን የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር፤ ሜቶን የተባለ የአቴና ሰው ከልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት አስተምሮታል። ዕለትና ወንጌላዊ በ28 ዓመት ይገናኛሉ፤ ዐውደ ፀሐይ ነው። አበቅቴና ወንጌላዊ በ76 ዓመት ይገናኛሉ፤ ማዕከላዊ ቀመር ነው። ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ ጨረቃውም ሁሉም በአንድነት ወደ ነበሩበት የሚመለሱት ግን በ532 ዓመት ነው። ይህ ዐቢይ ቀመር ይባላል። የካቲት 3 ቀን ነነዌ፣ ሚያዝያ 12 ቀን ፋሲካ፣ ዓመቱ ማቴዎስ፣ አበቅቴ አንድ ሆኖ ልክ እንደ 2017 የነበረው 1485 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን ዐፄ እስክንድር የነገሠበት ዘመን። ቀጥሎ የሚመለሰው በ2549 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ስንት ትውልድ አለ! አንድ ሰው ንዑሱን ቀመር አራት ጊዜ ቢያይ ብዙ ነው፤ ዐቢዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየ ሰው ግን በጥፋት ውኃ ዘመን የነበሩት እነ ማቱሳላ ካልሆኑ በቀር የለም። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ዐሥራ አራቱ ዐቢይ ቀመር በ1948 ዓ.ም. ተፈጽመዋል፤ አሁን ያለነው በ1949 ዓ.ም. በጀመረው በዐሥራ አምስተኛው ውስጥ ነው፤ ያም የሚያልቀው በ2480 ዓ.ም. ነው።

5500ው ከየት መጣ የምትሉ ትኖራላችሁ። አባቶቻችን አዳም ከገነት ሲወጣ በአምስት ቀን ተኩል ሊያድነው ጌታ ቃል እንደ ገባለት ያስተምራሉ። አንዱ ቀን በእግዚአብሔር ዘንድ ሺህ ዓመት ነው፤ አምስት ቀን ተኩል አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ይሆናል። አዳም ያን ተስፋ ሲሰማ በሰው ቀን ቆጥሮት ቢሆን ሳምንቱ ሳያልቅ የሚመለስ ይመስለው ነበር። ልጆቹ ግን ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበሉ ቆጠሩት።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ሰንጠረዥ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ቀን አልጨረሰውም። ከድሜጥሮስ በኋላ የመጡ የእስክንድርያ ሰዎች ጨምረውበታል፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንያኖስ የተባለ መነኩሴ 532ቱን ዓመት ከዓለም ፍጥረት ቁጥር ጋር አያይዞ አስፍቶታል። በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ደግሞ ግብፃዊው አቡሻክር ሰፊ መጽሐፍ ጽፎበታል፤ የእኛ ሊቃውንት ትምህርቱን በስሙ የሚጠሩት ስለዚህ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ የፋሲካ ሰንጠረዣቸውን የወሰዱት ከእስክንድርያ ነው፤ በ525 እ.ኤ.አ. ዲዮናስዮስ የተባለ የሮም መነኩሴ ነው ወደ ላቲን ያሻገረው። እርሱ ግን የጌታን ልደት እኛ ከምንቆጥረው ሰባት ስምንት ዓመት አስቀድሞ ስላስቀመጠው በእኛና በእነርሱ ዓ.ም. መካከል ያ ልዩነት እስከ ዛሬ ይታያል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ልጆቻችሁ ለምን ወደ ኋላ ቀረን ብለው ሲጠይቋችሁ ይህን ንገሯቸው፤ የቀረ ነገር የለም፣ የልደት መነሻው ነው የተለያየው።

ድሜጥሮስ ሐሳቡ በተገለጠለት ጊዜ ለብቻው አልያዘውም። ለኢየሩሳሌም፣ ለአንጾኪያና ለሮም ሊቃነ ጳጳሳት ጽፎ እንደ ላከው ይነገራል። አርባው ጾም ከጥምቀት ማግሥት ተነሥቶ ከሕማማት ጋር እንዲያያዝ፣ መደምደሚያውም ትንሣኤ እንዲሆን ያደረገው እርሱ ነው ይላል ስንክሳር። አውሳብዮስ ደግሞ በዚያን ዘመን የፍልስጥኤም ጳጳሳት ከእስክንድርያ ጋር ደብዳቤ እየተላላኩ ፋሲካን በአንድ ቀን ያከብሩ እንደ ነበር መዝግቧል። ከኒቅያ ጉባኤ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ኋላም እነ ቅዱስ አትናቴዎስ በየዓመቱ የጾሙንና የፋሲካውን ቀን የሚያስታውቅ መልእክት ይልኩ ነበር።

ቀሪው ዘመኑ ቀላል አልነበረም። በ202 እ.ኤ.አ. ገደማ በንጉሥ ሳዊሮስ ዘመን ስደት ተነሥቶ በእስክንድርያ ብዙዎች ሰማዕት ሆኑ፤ ከእነርሱ አንዱ የአርጌንስ አባት ሌዎንድዮስ ነበረ። መምህራኑ ሲበተኑ ድሜጥሮስ ገና ወጣት የነበረውን አርጌንስን የትምህርት ቤቱ አለቃ አደረገው። ኋላ ግን አርጌንስ ያለ እርሱ ፈቃድ በፍልስጥኤም ክህነት ተቀበለ፤ በዚህም በትምህርቱም ምክንያት ተለያዩ። ያሳደጉትን ልጅ ማውገዝ ለሽማግሌ ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ አንዘገይም።

አርባ ሦስት ዓመት በመንበሩ ተቀመጠ። እግሩ አልሸከም ባለው ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ነበር፤ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ያስተምር ነበር ይባላል። በ105 ዓመቱ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ232 ገደማ፣ ጥቅምት 12 ቀን ዐረፈ። ያቺ ፍሙን የታቀፈባት፣ አርባ ስምንቱ ዓመት የተገለጠባት ዕለት ደግሞ መጋቢት 12 ቀን ትታሰባለች። ቀመሩን ይዛችሁ መቁጠር ትችላላችሁ፤ ዐቢይ ጾም በጣም ቀድሞ በየካቲት 1 ቢገባ፣ በጣም ዘግይቶ በመጋቢት 5 ቢገባ፣ በ532ቱም ዓመት ሁሉ መጋቢት 12 ከጾሙ ውስጥ አትወጣም።

የቅዱስ ድሜጥሮስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።